ራግቢ ትምህርት ቤት፦ ልዑል ዓለማየሁ የተማረበት

ራግቢ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ያ እንቁላል የመሰለ ኳስ ነው። ስሙ ግን መጀመሪያ የከተማ ነው፤ ከተማዋም በእንግሊዝ አገር በዋሪክሸር ትገኛለች። ትምህርት ቤቱ ስሙን ከከተማዋ ወሰደ፣ ጨዋታው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሥራቹ ሎረንስ ሸሪፍ ለቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ቤት ቅመማ ቅመም የሚያቀርብ የለንደን ነጋዴ ነበር። በ1567 ሲሞት የትውልድ ቀዬው ልጆች በነጻ እንዲማሩ ተናዝዞ ገንዘብና መሬት ተወ። እያደር ግን ቤቱ ከሩቅ የሚመጡ የባለጸጋ ልጆች ማደሪያ ሆነ። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን «ፐብሊክ ስኩል» ይሉታል። የእኛ ሰው ሲሰማ የመንግሥት ይመስለዋል። የግል ነው፣ ያውም ውድ። የሚከተለው የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም አንግሊካንን ነው።

በ1797 ተማሪዎች አመፁ። የርዕሰ መምህሩን የክፍል በር በባሩድ አፈነዱ፣ ዴስክና መጽሐፍ አቃጠሉ። ወታደር ተጠርቶ ነው የበረደው።

ቤቱን ያስከበረው ቶማስ አርኖልድ ነው። በ1828 ርዕሰ መምህር ሆኖ መጣ። ቄስም ነበር፤ እሑድ እሑድ በጸሎት ቤቱ ራሱ ይሰብክ ነበር። ከልጆቹ የሚፈልገው በቅድሚያ ሃይማኖትና ግብረ ገብ፣ ቀጥሎ ጨዋነት፣ በመጨረሻ እውቀት ነበር። ግሪክና ላቲን ሳይነኩ ሒሳብ፣ ፈረንሳይኛና ዘመናዊ ታሪክ ቦታ አገኙ። ትልቁ ዘዴው ግን የበላይ ክፍል ልጆችን አለቃ ማድረጉ ነው። እነሱን እሱ ይገራል፣ ታናናሾቹን እነሱ ይገዛሉ። አንዳንድ አለቃ ጨካኝ ነበር፤ ታናናሾቹም ለታላላቆቹ ይላላኩ ነበር። ቢሆንም ሌሎች የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች መንገዱን ተከተሉ። አርኖልድ በ1842፣ 47 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ድንገት ሞተ። ከእሱ በኋላ ከመጡት ርዕሰ መምህራን ሁለቱ፣ ቴይትና ፍሬድሪክ ቴምፕል፣ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ፣ ማለትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ጳጳስ፣ እስከመሆን ደረሱ።

ስለ ኳሱ የሚወራው ይህ ነው፦ በ1823 ዊልያም ዌብ ኤሊስ የተባለ ተማሪ በእግር ኳስ ጨዋታ መሃል ኳሱን አቅፎ ሮጠ፤ የራግቢ ጨዋታ ከዚያ ተጀመረ ይባላል። ወሬው በጽሑፍ የወጣው ግን በ1876፣ ልጁ አድጎ ከሞተ በኋላ ነው። የጻፈውም ከ1823 በፊት ትምህርቱን ጨርሶ የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ብዙ የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም። የራግቢ የዓለም ዋንጫ ግን በዌብ ኤሊስ ስም ይጠራል። የማያጠራጥረው ተማሪዎቹ ራሳቸው በ1845 የጨዋታውን ሕግ መጻፋቸው ነው።

ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ከመቅደላ ሲወሰድ ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በጉዞው ላይ አረፉ። በእንግሊዝ አገር ቼልተናም በሚገኝ ትምህርት ቤት ገባ። ርዕሰ መምህሩ ጄክስ ብሌክ በ1874 ወደ ራግቢ ሲዛወር ልጁን አብሮ አመጣው። ትምህርቱ አልሆነለትም። ከራግቢ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ላኩት፤ እዚያም አልቆየም። በ1879 በሊድስ ከተማ፣ በ18 ዓመቱ፣ በሳንባ ሕመም አረፈ። የተቀበረው በዊንዘር ነው።

ራግቢ ለመጨረሻዎቹ ክፍሎች ሴት ተማሪዎችን የተቀበለው በ1975 ነው፤ ዛሬ ወንድና ሴት አብረው ይማሩበታል። በሥነ ሕንጻ ባለሙያው ቡተርፊልድ ንድፍ በ1872 የተሠራው፣ ቀለም በቀለም የሆነ የጡብ ጸሎት ቤትም አሁን ድረስ ያገለግላል። ዓለማየሁ ሲመጣ ሕንጻው ገና የሁለት ዓመት አዲስ ነበር።