የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች የምደባ ወሰን

የምደባ ወሰን አንድ ልጅ በመኖሪያ አድራሻው መሠረት የትኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት እንደሚገባ የሚወስን መስመር ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በምትገኘው ሞንትጎመሪ ካውንቲ መስመሩ በየጊዜው ይከለሳል። አንዱ ትምህርት ቤት ሞልቶ በግቢው ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ሲደረደሩ፣ ብዙም ሳይርቅ ሌላው ባዶ ወንበር ይዞ ይቀመጣልና። ካውንቲው ወደ 160,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን የሚያስተምር የግዛቱ ትልቁ የትምህርት አስተዳደር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ በመሆኑ፣ አስተዳደሩ ለወላጆች የሚያወጣቸውን መረጃዎች ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሜሪላንድ ትምህርት የሚተዳደረው በካውንቲ ደረጃ ነው። ባለጸጎቹ ቤተስዳና ቼቪ ቼስ፣ የስደተኛ ቤተሰብ የሚበዛባት ዊተን፣ ገጠር ቀመሷ ደማስከስ ሁሉም በአንድ የትምህርት ቦርድ ሥር ናቸው። በሌሎች በርካታ ግዛቶች እንዲህ ያሉ ሰፈሮች የየራሳቸው አስተዳደር ስላላቸው፣ የወሰን ክለሳ በሀብታምና በድሃ መካከል ያለውን አጥር አይነካውም። በሞንትጎመሪ ግን ይነካዋል። ክርክሩ ዘወትር የሚጋለውም በዚህ የተነሣ ነው።

አሠራሩ

ክለሳ የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ሕንፃ ሲከፈት ወይም ነባሩ ሲሰፋ ነው። ባለሙያዎች ልዩ ልዩ የካርታ አማራጮች ያዘጋጃሉ፤ ሕዝብ አስተያየት ይሰጣል፤ ሱፐርኢንተንደንቱ (የትምህርት አስተዳደሩ ዋና ኃላፊ) የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ ቦርዱ በሕዝባዊ ችሎት፣ ማለትም በአስተያየት መስሚያ ስብሰባ፣ ሰምቶ ድምፅ ይሰጣል። ከቦርዱ ስምንት አባላት አንዱ ተማሪ ሲሆን፣ ስለ ወሰን በሚደረግ ውሳኔ ድምፅ አለው። ይህ ካውንቲው በትክክል ሊኮራበት የሚገባ አሠራር ነው።

የቦርዱ መመሪያ አራት መመዘኛዎችን ያስቀምጣል፤ እነሱም የተማሪዎች ስብጥር (በዘር፣ በኑሮ ደረጃና በመሳሰሉት)፣ የመልክዓ ምድር ቅርበት፣ የምደባ መረጋጋትና የሕንፃ አጠቃቀም ናቸው። አንድ ሕንፃ ከ80 እስከ 100 በመቶ ቢያዝ ይመረጣል። መመሪያው በ2018 ሲሻሻል ለስብጥር የተለየ ጥረት እንዲደረግ የሚል ሐሳብ ገባበት። ይህ ስብጥርን ከሌሎቹ መመዘኛዎች በላይ አድርጎታል የሚሉ አሉ፤ አስተዳደሩ አራቱም እንደሚመዘኑ ይገልጻል።

ታሪክ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በዘር የተለየ ትምህርትን ከሻረ በኋላ፣ ካውንቲው ከ1955 እስከ 1961 የጥቁሮችን ትምህርት ቤቶች በደረጃ ዘግቶ ተማሪዎቹን ደባለቀ።

በ1972 ወደ 126,000 ገደማ የነበረው የተማሪ ቁጥር በ1983 ወደ 91,000 ወረደ። በደርዘን የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚህ ዘመን ከታዩት ውዝግቦች ሁሉ የሮዝሜሪ ሂልስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጉዳይ ጎልቶ ይታያል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የሮዝሜሪ ሂልስ ልጆች፣ አብዛኛው ነዋሪ ነጭና ባለጸጋ ከሆነው ከቼቪ ቼስ ልጆች ጋር እንዲማሩ ትምህርት ቤቶቹ ተጣመሩ። ትንንሾቹ በሮዝሜሪ ሂልስ፣ ከፍ ያሉት በቼቪ ቼስ በኩል ይማራሉ። ቦርዱ በ1981 ሮዝሜሪ ሂልስን ለመዝጋት ወሰነ፤ ወላጆች ይግባኝ አሉ፤ የግዛቱ የትምህርት ቦርድም ውሳኔውን ሻረው። ጥምረቱ ከዚያ ሁሉ ትግል በኋላ ጸንቷል፤ የሁለት ሰፈር ልጆች በአንድ አውቶቡስ የሚሳፈሩበት ይህ ሥርዓት የወላጆች ጽናት ፍሬ ነው።

በ1999 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የአንድን ነጭ ተማሪ የዝውውር ጥያቄ በዘር ምክንያት መከልከል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ከ2004 ጀምሮ በብሌር፣ አይንስታይን፣ ኬኔዲ፣ ኖርዝውድና ዊተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዙሪያ የሚኖሩ ተማሪዎች ከእነዚሁ የሚገቡበትን በቅደም ተከተል የሚመርጡበት ሥርዓት ተዘረጋ። የሰፈሩን ትምህርት ቤት አንደኛ ምርጫው ያደረገ ተማሪ ቦታ ዋስትና አለው።

በ2019 በስተሰሜን ሴኔካ ቫሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰፍቶ እንደገና ሲገነባ፣ ከተጨናነቁት ክላርክስበርግና ኖርዝዌስት ተማሪዎች እንዲዛወሩለት ጥናት ተደረገ። ችሎቶቹ በሰው ተሞሉ። ቤት የገዛነው ለዚህ ትምህርት ቤት ብለን ነው የሚሉ ወላጆች ተሰለፉ፤ ክለሳው ዘግይቷል ያሉ ተማሪዎችም በሌላ ወገን ቆሙ። ቦርዱ በኅዳር አዲሱን ወሰን አጸደቀ። በዚያው ዓመት በተማሪ አባሏ ሐሳብ አመንጪነት መላ ካውንቲውን የሚመለከት ትንተና ተጀምሮ በ2021 ተጠናቀቀ። ትንተናው አዲስ ካርታ አላቀረበም፤ ይህም «ልጆቻችን በግድ ሩቅ ሊወሰዱ ነው» ለሚለው ወሬ በቂ መልስ መሆን ነበረበት።

በ1987 የተዘጋው ውድዋርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ እንደ አዲስ ተሠርቷል። የኖርዝውድ ተማሪዎች የራሳቸው ትምህርት ቤት ሲገነባ ከ2024 መኸር ጀምሮ በዚያ በጊዜያዊነት ተቀምጠዋል። በጌይተርስበርግ ደግሞ ክራውን የሚባል አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታቅዷል። በ2025 ለሁለቱ ሕንፃዎች በተጀመሩት ጥናቶች በርካታ ካርታዎች ለሕዝብ ቀርበዋል፤ ከ2004 የቆየውን የምርጫ ሥርዓት በስድስት ቀጠናዎች የመተካት ሐሳብም አብሮ መጥቷል።

በችሎት ቀርበው የሚናገሩት ይበልጡን የቤት ባለቤቶች ናቸው። አፓርታማ ተከራይተው የማታ ፈረቃ የሚሠሩ ወላጆች፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ ወገኖቻችን፣ መስመሩ መቀየሩን የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ቤታቸው ሲደርስ ነው። ለቦርዱ አስተያየት በጽሑፍ ማስገባት ግን ለማንም ክፍት ነው፤ ስብሰባ ላይ መገኘትን አይጠይቅም።