በማይናገሩት ቋንቋ የሚያዜሙት የራንሪግ አድናቂዎች

ራንሪግ እ.ኤ.አ. በ1973 በስኮትላንድ ስካይ ደሴት የተመሠረተ ባንድ ነው። መሥራቾቹ ወንድማማቾቹ ሮሪና ካለም ማክዶናልድ እንዲሁም የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ብሌየር ዳግላስ ሲሆኑ፣ በቀጣዩ ዓመት ድምፃዊው ዶኒ መንሮ ተቀላቀላቸው። መጀመሪያ ለጭፈራ ምሽቶች የሚጫወት ትንሽ ቡድን ነበር። ከ45 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018፣ በስተርሊንግ ከተማ ከጥንታዊው ግንብ ሥር ባለው ሜዳ ለሁለት ምሽቶች ተጫውቶ ሲሰናበት 50 ሺህ ያህል ሰው ሊሸኘው ወጥቷል። ስለ ባንዱ አልበሞች ብዙ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን የምናየው ታዳሚውን ነው፤ ራንሪግን ከሌሎች የሮክ ባንዶች የሚለየው እርሱ ይመስለኛልና።

ነገሩ የሚጀምረው ከቋንቋው ነው። የማክዶናልድ ወንድማማቾች የስኮትላንድ ጌሊክ በሚነገርባቸው ደሴቶች ያደጉ ናቸው። በ2011 ቆጠራ በመላ ስኮትላንድ ጌሊክ እናገራለሁ ያለው ሰው 57 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር፤ ይህም ከሕዝቡ አንድ በመቶ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። የሮክ ሙዚቃ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው በሚባልበት ዘመን ራንሪግ በ1978 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ግን ከዳር እስከ ዳር በጌሊክ የተዘፈነ ነበር። ከጊዜ በኋላ እንግሊዝኛው እየበዛ ቢመጣም ጌሊኩ ከመድረክ አልወረደም። በ1995 ከጌሊክ ዘፈኖቻቸው አንዱ በቢራ ማስታወቂያ ተሰምቶ በብሪታንያ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ውስጥ ገባ። በዚያ ቋንቋ የተዘፈነ ዘፈን እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር።

ታዲያ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንዴት አብሮ ይዘፍናል? መልሱ ያለው በደሴቶቹ የዜማ ልማድ ውስጥ ነው። በዚያ አገር አብያተ ክርስቲያናት መዝሙረ ዳዊት በጌሊክ ሲዜም አንድ መሪ ስንኙን ያወጣል፣ ምእመኑ ተቀብሎ በየራሱ ቅላጼ ያስረዝመዋል። ሴቶች የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ በጠረጴዛ ላይ እየወገሩ ሲያጠብቁም እንዲሁ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ አዝማቹም ብዙ ጊዜ ትርጉም በሌላቸው፣ ለአፍ በሚቀልሉ ድምፆች የተሠራ ነው። አውጪና ተቀባይ ባለበት ሙዚቃ ያደጉ ሰዎች የሮክ ዘፈን ሲጽፉ ለተቀባዩ ቦታ ይተዋሉ። የማልኮልም ጆንስ ጊታርና የኢየን ቤይን ከበሮ የቱንም ያህል ቢያስተጋቡ፣ ከሥራቸው ያለው የዜማ አጥንት ያ የጥንቱ ነው። ሕዝቡም ቦታውን ያውቃል፤ ሲደርስ ይቀበላል።

ስሙም የራሱ ታሪክ አለው። ራንሪግ በስኮትላንድ ደጋማ አገር የነበረ የመሬት አያያዝ ነው። የመንደሩ እርሻ በጠባብ ትልሞች ይከፈልና፣ ለሙም ጭንጫውም በአንድ ሰው እጅ እንዳይቀር በየጊዜው እየዞረ ለየቤተሰቡ ይደርሳል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ባለርስቶች መሬቱን ለበግ እርባታ ሲፈልጉት ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ገበሬው ተፈናቀለ፣ ብዙውም ባሕር ተሻግሮ ካናዳ ገባ። የባንዱ ግጥሞች ደጋግመው የሚመለሱት ወደዚህ ቁስል ነው። መንሮ በ1997 ለፓርላማ ለመወዳደር ባንዱን ሲለቅ (በምርጫው አልቀናውም) በ1998 የተተካው ብሩስ ጉትሮ ከካናዳዋ ኬፕ ብሬተን መምጣቱ ስለዚህ ተራ ነገር አይደለም። ኬፕ ብሬተን ከእነዚያ ተፈናቃዮች ብዙዎቹ የሰፈሩባት ደሴት ናት። ድምፃዊ መለወጥ ብዙ ባንድ ይገድላል፤ ራንሪግ ግን ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረ። መንሮም በስተርሊንጉ መሰናበቻ በእንግድነት መድረክ ላይ ወጥቶ ከቀድሞ ጓደኞቹ ጋር ዘፍኗል።

ከስኮትላንድ ውጭ ባንዱ ታማኝ ታዳሚ ያገኘው በዴንማርክና በጀርመን ነው። ከአድናቂዎቹ ሁሉ ግን እጅግ ርቃ የሄደችው አሜሪካዊቷ የጠፈር ተመራማሪ ሎረል ክላርክ ናት። የባሕር ኃይል ሐኪም ሆና በስኮትላንድ ስትሠራ ከባንዱ ሙዚቃ ጋር ተዋወቀች። በ2003 በኮሎምቢያ መንኮራኩር ስትጓዝ የባንዱን ሲዲ ይዛ ነበር፤ ከምድር የማንቂያ ሙዚቃ ሲላክላትም የራንሪግ ዘፈን ተጫወተላት። መንኮራኩሯ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ስትመለስ ተሰባብራ ሰባቱም ተጓዦች አለቁ። ሲዲው ከስብርባሪው መካከል ተገኘ፤ ቤተሰቦቿም ለባንዱ ሰጡት። ራንሪግ በ2016 ባወጣው የመጨረሻ የስቱዲዮ አልበም ውስጥ አንዱን ዘፈን ለእርሷ መታሰቢያ አድርጎታል። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ የራሱ ያደረገው ዘፈን ግን ባንዱ የደረሰው አይደለም። ስለ ሎመንድ ሐይቅ የሚዘፈነው የቆየ የሕዝብ ዘፈን ነው። በላይኛውና በታችኛው መንገድ ወደ አገራቸው ስለሚመለሱ ሁለት ሰዎች ይናገራል፤ በስፋት በሚነገረው ትርጓሜ አንዱ ሞት የተፈረደበት ወታደር ነው፣ የታችኛው መንገድም የሙታን ነፍስ የምትጓዝበት ነው። ራንሪግ በ1979 ቀረጸው። ቀስ ብሎ በኀዘን ይጀምራል፣ ከበሮው ሲገባ ሩጫ ይሆናል። በ1991 ባንዱ በሐይቁ ዳር ባሎክ በሚገኝ መናፈሻ ሲጫወት ከ40 ሺህ በላይ ሰው መጣ። በ2007 ደግሞ ከስኮትላንድ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ጋር ለተቸገሩ ልጆች መርጃ እንደገና ቀረጹትና በብሪታንያ ሠንጠረዥ ዘጠነኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

ዛሬ በስኮትላንድ ሠርግ ላይ የሌሊቱ መዝጊያ ብዙ ጊዜ ይኸው የራንሪግ ቅጂ ነው። እንግዶቹ ሙሽሮቹን መካከል አድርገው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይከብባሉ፤ ዜማው ሲያዘግም በዝግታ ይወዛወዛሉ፤ ከበሮው ሲመታ ክቡ ሁሉ ወደ መሐል ይሮጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሮጣል። አያት ከልጅ ልጅ ጋር ይጋጫል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ሙሽራይቱ ከሰው ማዕበል ውስጥ ትጠፋለች።