«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል»፦ ማደሪያውስ የት ነው?

ይህን ተረት ያልሰማ አለ ለማለት ይከብዳል። ራሱ ማረፊያ ሳይኖረው ጓዝ ለሚያበዛ ሰው ይነገራል። የራሱን ኑሮ ሳያደላድል የሌላውን ሸክም ለሚሸከምም ይነገራል። ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት እየዞረ ያንን ትልቅ ቁም ሳጥን ሁሌም የሚያስጭን ጓደኛ ካላችሁ፣ ተረቱ ወዲያው ትዝ ይላችኋል።

መነሻው ዓይን ያየው ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዓባይ ዳር የቆመ ሰው ያውቀዋል። ውሃው ቡና መስሎ ይደፈርሳል። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ይዞ ይወርዳል። ግንዱ አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ እያለ ከዓይን ይጠፋል። አባቶቻችን ይህን አይተው «ማደሪያ የለው» አሉ። ቃሉን ልብ በሉት፤ «መድረሻ የለው» አላሉም። ማደሪያ ሲመሽ የሚገቡበት ቤት ነው። ወንዙን እንደ መንገደኛ ቆጥረውታል፤ ጓዙን እንደተሸከመ የሚመሽበት መንገደኛ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ማደሪያው መኖሩ ነው። ሩቅ ነው እንጂ አለ። ያለው ደግሞ ባሕር ውስጥ ነው።

ግንዱ ለዓይን ይታያል። ትልቁ ጓዝ ግን አፈሩ ነው። ናይል ወደ ግብፅ ሲያወርደው ከኖረው ደለል አብዛኛው የኛ ደጋ አፈር ነው፤ በዓባይና በተከዜ በኩል የሄደ። የግብፅን እርሻ ካለበሰ በኋላ የተረፈው ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባ ነበር። ከናይል ደልታ፣ ማለትም ወንዙ ደለሉን እያነጠፈ ባሕር ከሚገባበት ምድር፣ ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ወለል ላይ፣ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ የተነጠፈ የደለል ክምር አለ። ስፋቱ ወደ 100,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጫፉ 3,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ድረስ ይወርዳል። የባሕር ወለል እንደ ሳህን ለጥ ያለ የሚመስለን ብዙ ነን። ይህ ክምር ግን ተዳፋት አለው፣ የተናደ ገደል አለው፣ ቦይም አለው። ቦዮቹን የቆፈረው ደለል የከበደው ውሃ ነው። ከንጹሑ የባሕር ውሃ ስለሚከብድ ከሥሩ ገብቶ ቁልቁል እንደ ጎርፍ ይንደረደራል። በሌላ አነጋገር ወንዝ የመሰለ ነገር ባሕር ውስጥም ይወርዳል።

ሁሉም ግን ወደ ጥልቁ አይወርድም። የሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ክፍል ጅረት ዳር ዳሩን ይዞ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራል። እሱና ማዕበሉ የደልታውን አሸዋ ተቀባብለው በሲና፣ በጋዛ፣ በአሽቀሎን፣ በአሽዶድ፣ በነታንያ አድርገው እስከ ሃይፋ አካባቢ ያደርሱታል። አሽቀሎን፣ አሽዶድና ነታንያ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች ናቸው። ነታንያ ባሕር ዳር ልጆቿን ይዛ በባዶ እግሯ የምትሄድ እናት የምትረግጠው አሸዋ የናይል አሸዋ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ታሪክ ግን ይኸኛው ነው። ሜዲትራኒያን ላይ ፀሐይዋ ብዙ ውሃ ታተናለች። የቀረው ውሃ ጨው ይበዛበታል፤ ጨው የበዛበት ደግሞ ይከብዳል። በጥርና በየካቲት ብርዱ ሲጨመርበት ወደ ታች ይሰምጣል። ሲሰምጥ ኦክስጅን ይዞ ይወርዳል፤ የጥልቁ ባሕር ትንፋሽ ይህ ነው። ከ10,000 እስከ 6,000 ዓመታት በፊት ገደማ ግን የአፍሪካ የበጋ ዝናብ፣ ማለትም የኛ ክረምት፣ እጅግ በረታ። ዓባይ ከልኩ በላይ ሞላ። ጨው የሌለው ቀላል ውሃው ባሕሩ ላይ እንደ ክዳን ተደፋ። የላዩ ውሃ አልሰምጥ አለ። ታች ኦክስጅን አለቀ። ወለሉ ላይ የወደቀው የሞተ ነገር ሁሉ በቅጡ ሳይበሰብስ ቀርቶ ጥቁር ጭቃ ሆነ። ተመራማሪዎች ሳፕሮፔል ይሉታል። ቧንቧ ሰድደው የወለሉን ጭቃ ሲያወጡ፣ በገረጣው ጭቃ መሐል እንደ ጥቁር መቀነት ጎልቶ ይታያል። ከሥሩም ሌሎች እንዲህ ያሉ ጥቁር መቀነቶች አሉ። የምድር ዘንግ ውዝዋዜ በ21,000 ዓመት ገደማ አንዴ ዝናባችንን ሲያበረታው የተጻፉ ናቸው። ጣና ዙሪያ የወረደ ክረምት የሌላ አገር ባሕር ትንፋሽ አሳጥሮ ነበር ማለት ነው!

ዛሬ ጓዙ እንደ ድሮው ባሕር አይደርስም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ደለሉ ማለት ይቻላል ሁሉም ከግድቡ ጀርባ ባለው ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ደልታው የሚተካለት አፈር አጣ፤ በደልታው ዳር ባለችው ራሺድ ከተማ አካባቢ ባሕሩ ዳርቻውን ክፉኛ በልቶታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ሕዳሴ ተመረቀ። «ዓባይ ማደሪያ አገኘ» የሚል ቃል ያኔ በየሰው አፍ ነበር። ደስ ይላል፣ እኔም ብዬዋለሁ። ውሃው ግን ተርባይኑን አዙሮ መንገዱን ይቀጥላል። ጉባ ላይ የሚያድረው አፈሩ ነው።