ለቤት ሚዲያ ሰርቨር የሚሆን ርካሽ ሃርድ ዲስክ አመራረጥ

የቤት ሚዲያ ሰርቨር ፊልም፣ ሙዚቃና ፎቶ አከማችቶ በቤት ውስጥ ኔትወርክ ለቴሌቪዥንና ለስልክ የሚያቀርብ ኮምፒውተር ነው። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ይመደባል፤ ያኔ ዋናው ወጪ ዲስኩ ይሆናል።

ፍጥነት እዚህ ብዙም አያሳስብም። ባለ 4ኬ ብሉሬይ ፊልም እንኳን በሰከንድ ቢበዛ 16 ሜጋባይት ገደማ ሲፈልግ፣ ተራ ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ በተከታታይ ሲያነብ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይሰጣል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ትንሽ ብትሆን ይበቃል፤ ፊልም መደርደሪያ ማድረግ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበው የአጻጻፍ ስልቱ ነው። ሲኤምአር በሚባለው ስልት ትራኮቹ (መረጃ የሚጻፍባቸው ክብ መስመሮች) ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በኤስኤምአር ግን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ በጠርዝ ይደራረባሉ። ስለዚህ አንዱን ትራክ ለመቀየር አጎራባቾቹም እንደገና መጻፍ አለባቸው። አንድ ጊዜ ተጽፎ ደጋግሞ ለሚነበብ ፊልም ይህ ችግር የለውም። ዲስኮች በሬይድ (አንዱ ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያሠራ ስልት) ሲጣመሩ ግን የተበላሸውን ተክቶ መረጃውን መልሶ መገንባት እጅግ ይጓተታል። ሻጮችም ስልቱን ሁልጊዜ አይናገሩም፤ ዌስተርን ዲጂታል ለኔትወርክ ማከማቻ ይሸጣቸው ከነበሩት የሬድ ዲስኮች አንዳንዶቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን ያመነው ጉዳዩ በ2020 እ.ኤ.አ. ከተጋለጠ በኋላ ነው።

ከዳታ ሴንተር የወጡ ያገለገሉ ዲስኮች በአንድ ቴራባይት ሲሰላ ብዙ ጊዜ ከአዲሶቹ ይረክሳሉ። መሰኪያቸው ሳስ (ለሰርቨሮች የተሠራው ዓይነት) ከሆነ ግን በተለመደው የቤት ኮምፒውተር የሳታ ቀዳዳ አይገቡም። ሳታ ሆነውም ተሰክተው የማይሽከረከሩ አሉ፤ በአንዳንዶቹ ሦስተኛው የኃይል ፒን 3.3 ቮልት ሲደርሰው ዲስኩን ያጠፋዋል። ፒኑን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ቀጭን ፕላስተር መሸፈን መፍትሔ ነው።

ያገለገለ ዲስክ የስማርት መዝገቡ (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚይዘው መረጃ) ሳይታይ አይገዛም። ወደ 35,000 የሚጠጋ የሥራ ሰዓት የአራት ዓመት ያህል ያለማቋረጥ መሥራትን ያሳያል፤ ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። በብልሽት የተተኩ ወይም ተጠርጥረው ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች (መረጃ የሚጻፍባቸው ትንንሽ የዲስክ ክፍሎች) ከዜሮ በላይ ከሆኑ ግን ዋጋው ምንም ቢረክስ መተው ይሻላል።

አሮጌው ማሽን የራሱ ገደብ አለው። ኤምቢአር በተባለው አሮጌ የዲስክ አከፋፈል ስልት የተከፋፈለ ዲስክ በተለመደው ባለ 512 ባይት ሴክተር ከ2 ቴራባይት ብዙም የዘለለውን ቦታ አይጠቀምም፤ ከዚያ በላይ ጂፒቲ የተባለው አዲሱ የአከፋፈል ስልት ያስፈልጋል።

ሬይድ የዲስክ ብልሽትን ይችላል እንጂ በስህተት የተሰረዘ ፋይል አይመልስም። የቤተሰብ ፎቶ በሌላ ዲስክ ተቀድቶ ከማሽኑ ተነቅሎ ይቀመጣል፤ እንደገና ሊገኝ ለሚችል ፊልም ግን ሁለተኛ ዲስክ መግዛት ብዙም አያዋጣም።