ሬድ ኖቲስ ምንድን ነው? ካቴና የሌለው ጥሩምባ ነፊ

ሰሞኑን ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካለች ትንሽ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ የችሎት ሰዓቴን እጠብቃለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ አንድ ተንታኝ ያዳምጣል። ወሬው በጠረፍ ከተማ ስለተያዘ የአንድ ታጣቂ ቡድን ፕሮፓጋንዲስት ነው። «ኢንተርፖል ሲያድነው ቆይቶ በመጨረሻ አነቀው!» ይላል ተንታኙ። ቀጠለ፦ «ሬድ ኖቲስ ማለት እኮ ዓለም አቀፍ የእስር ማዘዣ ነው። አንዴ ከወጣብህ የትም አታመልጥም።»

ማኪያቶው ትን አለኝ።

ይቺን አባባል በሬዲዮ ሰምቻታለሁ። ከደንበኞቼ በየሳምንቱ እሰማታለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ካባ ከለበሰ የሙያ ባልደረባዬ ሰምቼ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ዝም አልልም።

ኢንተርፖል ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እሱን አልደግምም። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ኢንተርፖል አንድም ሰው የማሰር ሥልጣን እንደሌለው ነው። በር ሰብሮ የሚገባ፣ መነጽር ያደረገ የኢንተርፖል ኮማንዶ ፊልም ላይ ብቻ ነው ያለው። ሊዮን፣ ፈረንሳይ ያለው ዋና ቢሮ የ196 አባል አገሮችን ፖሊስ የሚያገናኝ የመልእክት ቤት ነው ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም።

በዕድር ላስረዳ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ ለዕድሩ ያስታውቃል። ጸሐፊው መዝገቡን ያያል፤ ሟች አባል ነው ወይ፣ ደንቡ ይፈቅዳል ወይ ይላል። ከዚያ ጥሩምባ ነፊው በሌሊት ይወጣል፦ እገሌ አርፈዋል፣ ቀብር በዚህ ሰዓት ነው። ጥሩምባ ነፊው ጉድጓድ አይቆፍርም። ድንኳን አይተክልም። ሰውየውንም አልገደለም! ሥራው ማሰማት ነው።

ሬድ ኖቲስ (ቀይ ማስታወቂያ) ያ ጥሩምባ ነው። በመጀመሪያ አንድ አገር በራሱ ሕግ የመያዣ ትእዛዝ ያወጣል፤ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ይኖረዋል። የዚያ አገር ብሔራዊ ቢሮ (የኛው በፌዴራል ፖሊስ ሥር ነው) ለሊዮን ይጽፋል። እዚያ ጥያቄው ከደንቡ ጋር ይታያል። ከዚያ ለሁሉም አባል አገሮች ይነፋል፦ ይህን ሰው ፈልጉልን፣ ካገኛችሁትም አሳልፎ የመስጠቱ ጉዳይ እስኪታይ ለጊዜው ያዙልን። ይኼ ልመና ነው፤ ትእዛዝ አይደለም። ጥሩምባውን ሰምቶ ምን እንደሚያደርግ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይወስናል። አሜሪካ ለምሳሌ በሬድ ኖቲስ ብቻ ሰው አታስርም። ሌላው አገር ደግሞ ኤርፖርት ላይ ስምህ ብልጭ ሲል ወዲያው ይይዝሃል።

ሌሎችም ቀለሞች አሉ። ቢጫው ለጠፋ ሰው፣ ጥቁሩ ማንነቱ ላልታወቀ አስከሬን፣ ሰማያዊው ስለ አንድ ሰው ማንነትና አድራሻ መረጃ ለመጠየቅ ነው። በዚህ ልለፈው።

ወደ ፕሮፓጋንዲስቱ ልመለስ። እንዲህ ያሉ ሰዎች በተግባር እንዴት ነው የሚያዙት? እ.ኤ.አ. በ2025 የአይሲስ ኮራሳን ክንፍ የሚዲያ ሥራ ይመራ ነበር የተባለው ኦዝጉር አልቱን በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን ድንበር አካባቢ ተያዘ። የቱርክ መንግሥት ሚዲያ እንደዘገበው የያዙት የቱርክና የፓኪስታን የስለላ ድርጅቶች በጋራ ሆነው ነው፤ ከዚያም ወደ ቱርክ ተወሰደ። ሁለት የስለላ ድርጅቶች ተነጋግረው የሠሩትን ሥራ ለጥሩምባ ነፊው መስጠት ለምን አስፈለገ?

ከዚህ የቆየና እኔ የምወደው ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለናዚ ጀርመን በእንግሊዝኛ የሚያሰራጨው ዊሊያም ጆይስ፣ እንግሊዞች «ሎርድ ሆው-ሆው» ብለው የሚያላግጡበት፣ የተያዘው ግንቦት 1945 እ.ኤ.አ. ከዴንማርክ ድንበር አጠገብ ባለችው ፍሌንስበርግ አካባቢ ነው። ጫካ ውስጥ እንጨት የሚለቅሙ ሁለት የእንግሊዝ መኮንኖችን አግኝቶ አናገራቸው። ድምፁን ለዩት። ዓመታት በሬዲዮ የሰሙት ድምፅ ነዋ! ያኔ ኢንተርፖል የሚባል የሚሠራ ድርጅት አልነበረም። የቀደመው ተቋም ራሱ በናዚዎች እጅ ወድቆ ዋና ቢሮው በርሊን ገብቶ ነበር። በአዲስ መልክ የተቋቋመው በ1946 ነው፤ የቀለም ማስታወቂያዎቹም ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው።

«ታዲያ ኢንተርፖል ምንም አይሠራም ማለት ነው?» የሚል አይጠፋም። አላልኩም። ኪዳኔ ዘካርያስን አስታውሱ። በሊቢያ በኩል ስደተኞችን በማዘዋወር የሚፈለገው ኤርትራዊ፣ የካቲት 2012 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሳለ ነበር ያመለጠው። በሌለበት ተፈረደበት። ኢትዮጵያ በአንድ በኩል፣ ኔዘርላንድስ በሌላ በኩል ሬድ ኖቲስ አስወጡበት። በመጨረሻ ታኅሣሥ 2015 ሱዳን ውስጥ ተያዘ። ዘመቻውን የመራው የኤምሬትስ ፖሊስ ነው፣ እጁን የያዘው የሱዳን ፖሊስ ነው። ኢንተርፖል በመሀል መረጃ አገናኘ። ጥሩምባው ባይነፋ ጎረቤት አይሰማም ነበር፤ ሬሳውን የተሸከሙት ግን ጎረቤቶቹ ናቸው። (ሬሳ ማለቴ ምሳሌውን ለመቀጠል ነው። ሰውየው በሕይወት አለ።)

የዕድሩ ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ዕድር ቀብር የቀረ አባሉን ይቀጣል። ኢንተርፖል አይቀጣም። አንድ አገር ሰውየውን አልሰጥም ካለ፣ አልሰጥም ነው። ለዚህ ሩቅ አንሄድም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሐራሬ ገቡ። በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት በ1999 ነው፤ በ2000 ደግሞ በይግባኝ ሞት ተፈረደባቸው። ዚምባብዌ አሳልፋ አልሰጠችም። የፍርድ ቤት ውሳኔ እንኳ ድንበር ካላሻገራቸው ማስታወቂያ ምን ያደርጋል?

ጥሩምባው በስሕተት የሚነፋበትም ጊዜ አለ። የባህሬኑ እግር ኳስ ተጫዋች ሀኪም አል-አራይቢ አውስትራሊያ ጥገኝነት የሰጠችው ሰው ነበር። ኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ለጫጉላ ሽርሽር ባንኮክ ሲደርስ በባህሬን ጥያቄ በወጣ ሬድ ኖቲስ ተያዘ። ኢንተርፖል ስደተኛ መሆኑን ሲያውቅ ማስታወቂያውን በቀናት ውስጥ አነሳ። ልጁ ግን እስከ የካቲት ታሰረ። ጥሩምባ ነፊው «ይቅርታ፣ አልሞቱም» ብሎ ቤቱ ገብቷል፤ ለቀስተኛው ገና ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይበላል።

ስለ ፕሮፓጋንዲስት ስናወራ ደግሞ ተንታኙ ጭራሽ ያልነካው ነገር አለ። የኢንተርፖል ሕገ ደንብ አንቀጽ 3 ድርጅቱ በፖለቲካ፣ በወታደራዊ፣ በሃይማኖትና በዘር ጉዳይ እንዳይገባ ይከለክላል። ዕድር ላይ ፖለቲካና ሃይማኖት አይነሳም እንደሚባለው ማለት ነው። ስለዚህ «ይህ ሰው ይሰብካል፣ ይለፍፋል» ተብሎ የቀረበ ጥያቄ እንደ ሰው ገደለ አይታይም። ንግግሩ ምን አደረገ? ቡድኑ ውስጥ ትክክለኛ ተሳትፎ አለው ወይስ ደጋፊ ብቻ ነው? ሰው እንዲገደል ቀስቅሷል ወይስ መንግሥትን ሰድቧል? እነዚህ ካልተለዩ ጥያቄው ይወድቃል፣ ቢያንስ መውደቅ አለበት። ሩዋንዳ ላይ በሬዲዮ ግደሉ ያሉ ሰዎች በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል፤ ንግግር ወንጀል አይሆንም እያልኩ አይደለም። ግን «ፕሮፓጋንዲስት» የሚለው ቃል ብቻውን የወንጀል ስም አይደለም። የወንጀል ሕጋችንን ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጡት በዚህ ስም የተጻፈ አንቀጽ አታገኙም።

አሁን ጠበቃነቴ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የተያዘ ሰው ተጠርጣሪ ነው። ተንታኙ በሦስት ደቂቃ ውስጥ «ወንጀለኛው» ያለው አምስት ጊዜ ነው፣ ቆጥሬያለሁ። እኛ አገር ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር ነው። ከጠረፍ ለሚመጣ ሰው ይቺ የመጨረሻዋ ሐረግ ቀላል አይደለችም። ሁለተኛ፣ «ኢትዮጵያዊም ቢሆን ሬድ ኖቲስ ካለበት ተላልፎ ይሰጣል» የሚል ሰምቻለሁ። አይሰጥም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊን ለውጭ አገር አሳልፎ መስጠት ይከለክላል፤ እዚሁ ይዳኛል።

ያን ቀን ችሎቱ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ቢሮዬ ስመለስ አንድ ደንበኛዬ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ሽርካቸው ገንዘባቸውን ይዞ ዱባይ ገብቷል።

«ሬድ ኖቲስ ያውጡልኝ፣ የተጠየቅኩትን እከፍላለሁ» አሉኝ።

ጠበቃ እንደማያወጣ ነገርኳቸው። የግል የገንዘብ ክርክር ለሬድ ኖቲስ እንደማይበቃ ነገርኳቸው። ማታለል ካለበት፣ ፖሊስ አጣርቶ ዐቃቤ ሕግ ክስ ከመሠረተ፣ ቅጣቱም ጣሪያው ቢያንስ ሁለት ዓመት እስራት ከሆነ ያኔ ይታሰባል አልኳቸው። ስለ ዕድሩም፣ ስለ ጥሩምባ ነፊውም አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሺ ልጄ፣ ሰማያዊውስ ስንት ነው?»