የአውስትራሊያ ብሔራዊ የዕፅዋት መረጃ ሥርዓት

በአውስትራሊያ የዕፅዋት ካርታ የሚያነሱት ክፍለ ግዛቶቹ ናቸው። እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ፣ ስኬልና ዘዴ ስለሚሠራ ካርታዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይገጥሙም። ከኩዊንስላንድ ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ወሰን ሲሻገሩ ዛፎቹ ያው ሆነው የምድባቸው ስም ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በተጀመረው ብሔራዊ የመሬትና የውኃ ሀብት ኦዲት ሥር የተዘረጋው ይህ ሥርዓት አዲስ ካርታ አያነሳም፤ ክፍለ ግዛቶቹ ያላቸውን መረጃ በአንድ የጋራ አገላለጽ እንዲያስረክቡ ያደርጋል።

አገላለጹ ስድስት ደረጃ አለው። 1ኛው የሚናገረው ጎልቶ የሚታየው ዕፅ ዛፍ፣ ቁጥቋጦ ወይም ሣር መሆኑን ብቻ ነው። 2ኛው ሽፋንና ቁመት ይጨምራል፤ 3ኛው የዕፁን ወገን ለምሳሌ ባህር ዛፍ ወይም ግራር መሆኑን ይገልጻል። ከ4ኛው ጀምሮ የዕፅዋቱ የቁመት እርከኖች ማለትም የላይኛው፣ የመካከለኛውና የመሬት እርከን ለየብቻ ይመዘገባሉ። 5ኛው ለእያንዳንዱ እርከን እስከ ሦስት ዝርያ፣ 6ኛው እርከኖቹን ከፋፍሎ እስከ አምስት ዝርያ ይይዛል። የመስክ ናሙና በሌለበት ቦታ ዝርያ ገምቶ ከመሙላት ዝርዝሩ ባነሰው ደረጃ ላይ መቆም ይሻላል።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው ሽፋን ላይ ነው። ሽፋን በሁለት መንገድ ይለካል። የአናት ሽፋን የዛፉን አናት ዳር ዳሩን ተከትሎ እንደ ድፍን ጥላ ይቆጥራል፤ የቅጠል ሽፋን ግን በቅጠሎቹ መካከል ብርሃን የሚያልፍበትን ክፍተት ይቀንሳል። የባህር ዛፍ ቅጠል ወደ ታች ስለሚንጠለጠል በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ክፍት ደን የሚባለው በአናት ሽፋን ከ50 እስከ 80 በመቶ፣ በቅጠል ሽፋን ከ30 እስከ 70 በመቶ ነው። የቅጠል ሽፋኑ 40 በመቶ የሆነ ቦታ እንግዲህ ክፍት ደን ነው፤ መዝጋቢው የትኛውን ልኬት እንደተጠቀመ ካልጻፈ ግን ያው 40 እንደ አናት ሽፋን ተነብቦ ከ20 እስከ 50 በመቶ ባለው የሳሳ ዛፋማ መሬት ምድብ ውስጥ ይወድቃል። አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ ደኑ ከካርታው ጠፋ ማለት ነው።

ሁለት የካርታ ንብርብሮች ይወጣሉ፦ አሁን ያለው ዕፅዋትና ከ1750 እ.ኤ.አ. በፊት፣ ማለትም አውሮፓውያን ከመስፈራቸው በፊት፣ ነበረ ተብሎ የሚገመተው። ሁለተኛው ከአፈርና ከድንጋይ ዓይነት፣ ሳይመነጠሩ ከተረፉ የዕፅዋት ቦታዎችና ከቀደምት የቅየሳ መዛግብት የተሰላ ግምት ነው። የሁለቱ ልዩነት ምን ያህል እንደተመነጠረ ያሳያል። የአንዱን ዓመት እትም ከሌላው ጋር አነጻጽሮ "ደን ጨመረ" ወይም "ቀነሰ" ማለት ግን አያስኬድም፤ ለውጡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ክፍለ ግዛቱ የተሻለ ካርታ ስላስገባ ነው።

ለአገር አቀፍ አጠቃቀም መረጃው ከ30 በላይ በሆኑ ዐበይት ምድቦች ተጠቃሎ ጎኑ 100 ሜትር በሆነ ባለ አራት ማዕዘን መረብ ይወጣል፤ አንዱ ክፍል 1 ሄክታር ነው። በወንዝ ዳር የተዘረጋ 30 ሜትር ስፋት ያለው የዛፎች ሰልፍ በዚህ መረብ ላይ በቀላሉ ይሰወራል። ስለዚህ ለአንድ እርሻ ምንጣሮ ወይም አጥር ለመወሰን የክፍለ ግዛቱን ዋና ካርታ አውጥቶ መሬቱን በእግር ማየት ግድ ነው።