ኢ-መደበኛ ባህርይና የአእምሮ ሕመም፦ ባለሙያዎች እንዴት ይለያሉ?

የአንድን ሰው ባህርይ፣ ስሜት ወይም አስተሳሰብ ኢ-መደበኛ የሚያሰኘው ምን እንደሆነ የስነ ልቦና ባለሙያዎች እስካሁን በአንድ ድንጋጌ አልተስማሙም። በዘርፉ ተደጋግመው የሚነሱት መለኪያዎች አራት ናቸው፤ እነሱም ባህርዩ በቁጥር ብርቅ መሆኑ፣ ከማኅበረሰቡ ደንብ ማፈንገጡ፣ ለባለቤቱ ሥቃይ መሆኑ፣ የዕለት ተዕለት ኑሮውን ማሰናከሉ ናቸው። በአደባባይ ቶሎ የሚታዩት የፊተኞቹ ሁለቱ ሲሆኑ፣ ሕመምን ለመለየት የበለጠ የሚጠቅሙት ግን የኋለኞቹ ናቸው። ብዙ ታማሚዎች ሳይታወቁ የሚቀሩትም ይህ ቅደም ተከተል በመገልበጡ፣ ማለትም ሰው የሚያስተውለው እንግዳ ነገርን እንጂ ሥቃይን ባለመሆኑ ነው።

የቁጥር መለኪያው ግልጽ ይመስላል። በአእምሮ ብቃት ፈተና አማካዩ ውጤት 100 ሲሆን ከ70 በታች የሚያገኙት ከመቶ ሁለት ያህሉ ናቸው። ይሁንና ከ130 በላይ የሚያገኙትም የዚያኑ ያህል ጥቂት ሆነው ሳለ ማንም ታማሚ አይላቸውም፤ ከ70 በታች ላገኘ ሰው እንኳ ራሱን ችሎ የመኖር አቅሙ ሳይመዘን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት አይባልም። በአንጻሩ ድብርትና ጭንቀት በጭራሽ ብርቅ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 970 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ ማለትም ከስምንት ሰው አንዱ፣ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር ይኖር ነበር።

ከደንብ ማፈንገጥን ብቻውን መለኪያ ማድረግ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ታሪክም ይህን በሚያሳፍር ሁኔታ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ባሪያዎች ከጌቶቻቸው የሚያመልጡት «ድራፔቶማኒያ» በተባለ የአእምሮ በሽታ ነው ብሎ ጽፏል። በሶቪየት ኅብረት መንግሥትን የተቃወሙ ሰዎች «ቀስ ብሎ የሚያድግ ስኪዞፍሬኒያ» (ስኪዞፍሬኒያ ከእውነታ የሚያለያይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው) አለባቸው እየተባሉ ሆስፒታል ተዘግቶባቸዋል። በሁለቱም ዘንድ የታመመ አእምሮ አልነበረም፤ የነበረው የገዢዎችን ፈቃድ የጤና ልክ ያደረገ ሕክምና ነው። ስለዚህ ዛሬ ያለው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ በግለሰብና በኅብረተሰብ መካከል ያለ ግጭት ብቻውን የአእምሮ ሕመም እንደማይባል በግልጽ ይደነግጋል።

ሥቃይና የኑሮ መሰናከልም ቢሆኑ ጉድለት አለባቸው። በከፍተኛ የደስታና የጉልበት ስሜት፣ በማኒያ ላይ ያለ ሰው እንቅልፍ ሳያምረው ሌሊቱን ሲያቅድ ያድራል፣ ያለውን ገንዘብ ይበትናል፤ ቢጠየቅ ግን «እንደዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም» ሊል ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጉዳቱ የሚታወቀው ከቤተሰቡና ከሥራ ባልደረቦቹ አንደበት ነው። ጀሮም ዌክፊልድ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ችግሩን ለመፍታት ሁለት ነገሮችን አጣምሮ አቅርቧል፤ ሕመም ለመባል በአእምሮ ተፈጥሯዊ አሠራር ላይ መታወክ መኖር አለበት፣ መታወኩም በሰውየው ባህል ዓይን ሲታይ ጎጂ መሆን አለበት። ትርጓሜው ብዙ ክርክር ቢያስነሳም ሁለተኛው ነጥብ፣ ባህልን ሳያውቁ መፍረድ እንደማይቻል የሚያስገነዝበው ማለት ነው፣ በሐዘን ጉዳይ ላይ ጎልቶ ይታያል።

በሀገራችን ሐዘንተኛ ደረቱን ቢመታ፣ ሙሾ እያወረደ ቢያለቅስ፣ እህል አልቀምስም ቢል ማንም በሽተኛ አይለውም፤ በክርስቲያኑ ዘንድ አርባው፣ ሰማንያውና ሙት ዓመቱ ሐዘኑን በጊዜ ይከፋፍሉታል። የሟች ባሏ ድምፅ ከደጅ የተሰማት የመሰላት ሴትም በዚያ ብቻ የአእምሮ ታማሚ አትሆንም። ባለሙያው የሚጠይቀው ሐዘኑ ከማኅበረሰቡ ልማድ እጅግ አልፎ፣ ለልጆቿ ምግብ ማብሰልና ከሰው መቀላቀል እስኪያቅታት ድረስ መዝለቁን ነው። የተራዘመ ሐዘን ሕመም ለመባል የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ቢያንስ ስድስት ወር፣ የአሜሪካው መመሪያ ለአዋቂ ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር እንዲያልፍ ይጠይቃሉ። ሁለቱ መመሪያዎች በጊዜው መለያየታቸው ድንበሩ በሰው ስምምነት የተሰመረ እንደሆነ ያሳያል።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ በ1980 የወጣው ሦስተኛው ዕትም ምልክቶችን በቁጥርና በጊዜ የመወሰንን ልማድ አጸና። ለምሳሌ ድብርት የሚባለው ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሲታዩ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ የመከፋት ስሜት ወይም ከዚህ ቀደም ያስደስት ለነበረ ነገር ፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። የተቀሩት የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ እንዲሁም ሞትን ማሰብ ናቸው። አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ግን ስድስት ወር የዘለቀ፣ ለመቆጣጠር የሚያስቸግር ስጋት ይጠይቃል። በድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ልብ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰውየው የምሞትበት ሰዓት ደረሰ ብሎ ያምናል፤ ጥቃቱም በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይበርዳል። በስኪዞፍሬኒያ የሌለ ድምፅ መስማት፣ በማስረጃ የማይናወጥ የተሳሳተ እምነት እና የተበታተነ ንግግር ይታያሉ። እዚህም ላይ ባህል ይገባል፤ በአካባቢው ሰው ሁሉ የሚታመን ነገር፣ ለምሳሌ ዛር አለብኝ ማለት፣ ብቻውን የሥነ አእምሮ መቃወስ ምልክት ተደርጎ አይወሰድም።

በኢትዮጵያ የጤና ጣቢያ ድብርት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ «ድብርት አለብኝ» ብሎ አይመጣም። የሚያመጣው ራስ ምታት፣ የሚያቃጥል ሰውነት፣ የልብ ምት መፍጠን እና እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ስለዚህ ለወስፋት ወይም ለጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ሊመለስ ይችላል። ይህን ክፍተት ለማጥበብ በቡታጅራ የተካሄዱ ጥናቶች የዓለም ጤና ድርጅትን ሃያ ጥያቄ ያለው ቅጽ ተጠቅመዋል፤ ጥያቄዎቹ ባለፉት ሠላሳ ቀናት ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ማልቀስና ስለ መሳሰሉት የሚመለሱት አዎ ወይም አይ ተብሎ ነው። በዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በከባድ የአእምሮ ሕመሞች ላይ ለተደረገው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎች ተጣርተዋል፤ በአፍሪካ ገጠር እንዲህ ያለ ሰፊ ሥራ ብዙ አይገኝም። ቅጽ ግን ጥርጣሬን ያስነሳል እንጂ ምርመራ አይሆንም።

ምርመራ የሚጠናቀቀው ባለሙያው ከታማሚውና ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮ አለባበሱን፣ ንግግሩን፣ ስሜቱን፣ ሐሳቡን፣ ትውስታውንና ስለ ሕመሙ ያለውን ግንዛቤ ካየ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የሚጥል በሽታ እንዲሁም እንደ አልኮልና ጫት ያሉ ነገሮች ተመሳሳይ ምልክት ማምጣታቸው መመርመር አለበት። ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩንም በቀጥታ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ጥያቄው ሐሳቡን ያስገባል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፣ ብዙዎችም ሲጠየቁ ብቻ ይናገራሉ።